የሞባይል ኢንተርኔት ሴቲንግ በአዊ ዞን

የሞባይል ኢንተርኔት ሴቲንግ የሚባለው ስማርት ስልክ በሲም ካርድ በኩል ኢንተርኔት ለማግኘት ለኔትወርኩ የሚያቀርባቸው ጥቂት መለያዎች ስብስብ ነው። ከመለያዎቹ ዋናው ኤፒኤን ነው፤ ስልኩ በየትኛው በር ወደ ኢንተርኔት መውጣት እንደሚፈልግ የሚናገር አጭር ስም ነው። በኢትዮ ቴሌኮም ኔትወርክ ለረጅም ጊዜ የተሠራበት ስም በላቲን ፊደል የሚጻፈው «ኢቲሲ ነጥብ ኮም» ነው። በእንጅባራም ሆነ በዳንግላ፣ እንደ ሌላው የአገሪቱ ክፍል ሁሉ፣ ዳታ በርቶ ኢንተርኔት እምቢ ሲል መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይኸው ሴቲንግ ነው። ከቴክኒኩ ደንብም ከአገልግሎቱ ታሪክም የሚወጣው ድምዳሜ ግን ሌላ ነው። በዛሬ ስልኮች ላይ ሴቲንግ ለኢንተርኔት መጥፋት ምክንያት የሚሆነው በጥቂትና ተለይተው በሚታወቁ ሁኔታዎች ብቻ ነው። ብዙውን ጊዜ ችግሩ ያለው ከስልኩ ውጭ ሲሆን፣ ሴቲንግ የሚወቀሰው ባለቤቱ በእጁ ሊነካው የሚችለው ብቸኛ ነገር ስለሆነ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

አሞላል

በአንድሮይድ ስልክ ላይ ከሴቲንግ ወደ ኔትወርክና ኢንተርኔት፣ ከዚያም ወደ ሲም ወይም ሞባይል ኔትወርክ ተገብቶ የመዳረሻ ነጥብ ስሞች የሚለው ገጽ ይከፈታል፤ የገጾቹ ስምና ቅደም ተከተል ከስልክ ስልክ ይለያያል። አዲስ መስመር ሲጨመር ከደርዘን በላይ ሣጥኖች ይደረደራሉ። ለተራ ኢንተርኔት የሚያስፈልጉት ግን ሁለቱ ናቸው፤ አንዱ ባለቤቱ የፈለገውን መጠሪያ የሚጽፍበት ሲሆን ሌላው ራሱ ኤፒኤኑ ነው። የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል በኢትዮ ቴሌኮም መስመር ባዶ ይተዋሉ። የአገሩ መለያ 636 ነው፤ የኦፕሬተሩ መለያ ለኢትዮ ቴሌኮም 01፣ ለሳፋሪኮም ኢትዮጵያ 02 ነው። እነዚህን ስልኩ ከሲሙ አንብቦ ራሱ ስለሚሞላቸው መንካት አያስፈልግም። ከተነኩና ከሲሙ ጋር ካልተስማሙ አዲሱ መስመር ተመዝግቦም ከዝርዝሩ ሊሰወር ይችላል።

ስሕተት የሚበዛው በሦስት ቦታ ነው። አንደኛው ባዶ ቦታ ነው። ብዙ ኪቦርዶች ከነጥብ በኋላ ክፍተት ራሳቸው ይጨምራሉ፤ ክፍተቱ ለዓይን አይታይም፣ ስሙን ግን ሌላ ስም ያደርገዋል። ኪቦርዱ የመጀመሪያውን ፊደል ትልቅ ቢያደርገው ግን በደንቡ መሠረት ጉዳት የለውም፤ ኤፒኤን ትልቅና ትንሽ ፊደል አይለይም። ሁለተኛው ማስቀመጥ ነው። «ሴቭ» የሚለው ትእዛዝ በብዙ ስልኮች ከላይ በጥጉ ካሉት ሦስት ነጥቦች ሥር ስለሆነ፣ ጽፎ ጨርሶ ወደኋላ የተመለሰ ሰው የሞላው ሁሉ ሊጠፋበት ይችላል። ሦስተኛው መምረጥ ነው። ከስሙ ጎን ያለችው ክብ ተነክታ ካልሞላች ስልኩ የድሮውን መስመር ይዞ ይቀጥላል።

ኔትወርኩ ከስሙ ጋር የሚሠራው

ስልኩ ዳታ ሲከፈትለት ኤፒኤኑን ለኔትወርኩ ይልካል። ኔትወርኩም ሁለት ነገር ያጣራል። በመጀመሪያ ይህ የሲም ባለቤት ለዚህ አገልግሎት የተፈቀደለት መሆኑን ከደንበኞች መዝገብ ያያል፤ ቀጥሎ ስሙ የትኛውን የመውጫ መሣሪያ እንደሚያመለክት በራሱ የውስጥ የስም መዝገብ ይፈልጋል። ጥያቄው ውድቅ ከሆነ ምክንያቱ በቁጥር ተለይቶ ለስልኩ ይመለስለታል። በዓለም አቀፉ የሞባይል ደረጃ 27 ማለት ኤፒኤኑ የለም ወይም አይታወቅም ማለት ነው፤ 33 ደንበኛው ለተጠየቀው አገልግሎት አልተመዘገበም፣ 26 ደግሞ ኔትወርኩ የሚሰጠው አቅም አጣ ማለት ነው። ስለዚህ የሴቲንግ ጥፋትና የኔትወርክ ጥፋት በመሣሪያዎቹ ዘንድ ተለይተው የሚታወቁ ሁለት ነገሮች ናቸው። ተራው ስልክ ግን እነዚህን ቁጥሮች ለባለቤቱ አያሳይም። ሦስቱም ምክንያቶች በስክሪኑ ላይ አንድ ዓይነት መልክ አላቸው፤ ከሲግናሉ አጠገብ መታየት የነበረበት የ3ጂ ወይም የ4ጂ ምልክት ይጠፋል፣ ወይም የቃለ አጋኖ ምልክት ይመጣል። ሴቲንግ ያለ ጥፋቱ የሚወቀስበት ዋናው ቴክኒካዊ ምክንያት ይህ ነው፤ ምርመራው ተደርጎ ውጤቱ ለሚመለከተው ሰው አይነገረውም።

4ጂ ሲመጣ የኤፒኤን ክብደት ይበልጥ ቀንሷል። በ2ጂና በ3ጂ ስልኩ መጀመሪያ ከኔትወርኩ ጋር ይተዋወቃል፤ የኢንተርኔቱን መስመር የሚጠይቀው ለብቻው፣ በኤፒኤን ነው። በ4ጂ ግን ስልኩ ገና ሲመዘገብ አንድ የዳታ መስመር አብሮ ይከፈትለታል። ስልኩ ምንም ኤፒኤን ባይልክ እንኳ ኔትወርኩ በደንበኛው መዝገብ ላይ ያለውን መደበኛ ስም ወስዶ መስመሩን መክፈት ይችላል። ሴቲንግን የኢንተርኔት ቁልፍ አድርጎ የሚያየው ልማድ የቀድሞው አሠራር ትቶት የሄደ ትዝታ ነው ማለት ይቻላል።

የስሞቹ አመጣጥ

ከሴቲንግ ጋር ተያይዘው ከሚታዩ ስሞች መካከል ብዙ ያነጋገረው ኤፒኤኑ ሳይሆን የኔትወርኩ መጠሪያ ነው። የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት በሚያወጣው የኔትወርክ መለያዎች ዝርዝር 636 01 የሚለው ቁጥር «ኢቲኤች ኤምቲኤን» በሚል ስም ሰፍሮ ይገኛል። የቀድሞ የእጅ ስልኮችም ሲግናል ሲያገኙ በስክሪናቸው ላይ ይህን የሚመስል ጽሑፍ ያሳዩ ነበር። ይህን አይተው የደቡብ አፍሪካው ኤምቲኤን በኢትዮጵያ ቴሌኮም ውስጥ ድርሻ ነበረው ብለው ያሰቡ አልጠፉም። የታሪኩ ሂደት ግን ይህን አይደግፍም። የሞባይል አገልግሎት በ1991 ሲጀመር ብቸኛው ባለቤት የመንግሥት ኮርፖሬሽን ነበር፤ ዘርፉ ለውጭ ኩባንያ የተከፈተውም በ2011 በወጣው የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148 ነው። ኤምቲኤን በ2013 ለፈቃድ ተወዳድሮ 600 ሚሊዮን ዶላር ቢያቀርብም ዋጋው አነስተኛ ነው ተብሎ ተቀባይነት አላገኘም። ፈቃዱን በ850 ሚሊዮን ዶላር ያገኘው በሳፋሪኮም የሚመራው ጥምረት ነበር። ስለዚህ በስክሪኑ ላይ የታዩት ሦስት ፊደላት የሞባይል ስልክ ኔትወርክ ለሚሉት ቃላት መነሻ ፊደላት ናቸው ብሎ መውሰዱ ከሁሉ የተሻለ ይመስላል፤ ከኩባንያው ጋር ያላቸው ዝምድና የፊደላት መገጣጠም ብቻ ነው።

ኤፒኤኑ ራሱ የሌላ ዘመን ምስክር ነው። የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን በ1989 ተቋቋመ፤ ኢንተርኔት በአገሪቱ የተጀመረውም በዚያው ዓመት ነው። የመጀመሪያዎቹ የሞባይል ዳታ ሴቲንጎች የኮርፖሬሽኑን ምኅጻረ ቃል ተሸከሙ። ኮርፖሬሽኑ ኅዳር 20 ቀን 2003 በኢትዮ ቴሌኮም ሲተካ አስተዳደሩ ለፈረንሳይ ቴሌኮም በኮንትራት ተሰጠ፤ ዓርማውና መጠሪያው ሁሉ ተቀየረ፣ ኤፒኤኑ ግን ባለበት ቀረ። ምክንያቱን ለመረዳት አሠራሩን ማየት ይበቃል። የስልክ አምራቾች በየስልኩ ውስጥ የዓለም ኦፕሬተሮችን ኤፒኤን የያዘ ሠንጠረዥ ይጭናሉ፤ ስልኩ የሲሙን የመጀመሪያ አምስት አኀዞች፣ ማለትም 63601ን፣ ሲያነብ ከሠንጠረዡ ተገቢውን ስም አውጥቶ ይሞላል። ስሙን መቀየር ማለት ቀድሞ የተሸጡትን ስልኮች ሁሉ በአንድ ቀን ስሕተተኛ ማድረግ ነው። የተዘጋ መሥሪያ ቤት ስም በሚሠራ መሣሪያ ውስጥ የሚኖረው ማንም ሊያስታውሰው ስለፈለገ ሳይሆን መንቀሉ ከማቆየቱ ስለሚከብድ ነው።

«ነጥብ ኮም» የሚለው ጭራም ጥያቄ ያስነሣል። የሞባይል ደረጃው ከአንድ በላይ ክፍል ያለው ኤፒኤን ኦፕሬተሩ በኢንተርኔት ላይ በስሙ ካስመዘገበው ዶሜይን ጋር እንዲዛመድ ይጠይቃል፤ ዓላማው ሁለት ኔትወርኮች አንድ ስም እንዳይጋሩ ነው። የኢትዮጵያ ዶሜይን የሚያልቀው በ«ነጥብ ኢቲ» በመሆኑ ከዚያ ይልቅ «ኮም» መመረጡ ከደንቡ ይልቅ የጊዜውን የድረ ገጽ አሰያየም ልማድ የተከተለ ይመስላል። በተግባር ግን ችግር አላመጣም። ኔትወርኩ ስሙን ሲቀበል የአገርና የኦፕሬተር መለያዎቹን የያዘ ቅጥያ ይጨምርበትና በውስጥ መዝገቡ ይፈልገዋል፤ ወደ ዓለም አቀፉ የዶሜይን መዝገብ አይወጣም። ኤፒኤኑን በብራውዘር ላይ ጽፎ ድረ ገጽ መፈለግ ትርጉም የማይኖረው በዚህ ምክንያት ነው።

በእንጅባራና በዳንግላ

አዊ በአማራ ክልል የብሔረሰብ አስተዳደር ያለው ዞን ሲሆን ዋና ከተማው እንጅባራ ነው። በ1999 ቆጠራ የዞኑ ሕዝብ ወደ 983 ሺህ ይደርስ ነበር፤ ከስምንት ሰው አንዱ ብቻ የከተማ ነዋሪ ነበር። እንጅባራና ዳንግላ ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ባሕር ዳር የሚደርሰው አስፋልት ላይ የተቀመጡ ደጋማ ከተሞች ናቸው። ጃዊና ቻግኒ ግን ከመንገዱ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ቆላው ያዘቀዘቁ ናቸው። የሞባይል ማሠራጫ ዋና መንገድንና ከተማን ተከትሎ ስለሚስፋፋ፣ ከፍ ባለ ሞገድ የሚሠራ 3ጂና 4ጂ ደግሞ ከ2ጂ ይልቅ ርቀቱ አጭር ስለሆነ፣ ተራራና ሸለቆ የተፈራረቀበት ገጠር ከከተማው ሌላ የኔትወርክ ዓለም ነው። ስልኩ አስፋልቱ ላይ 4ጂ ያሳይና ጥቂት ኪሎ ሜትር ገባ ሲል ወደ 2ጂ ይወርዳል፤ ጥሪ ይሠራል፣ ዳታ ግን ገጽ ለመክፈት እንኳ አይበቃም። የሲግናሉ ዘንግ ሙሉ ስለሚታይ ባለቤቱ ኔትወርኩን ሳይሆን ስልኩን ይጠረጥራል።

የኔትወርክ ትውልዶች የመጡበት ቅደም ተከተልም ልዩነቱን ያብራራል። በ2005 ሁዋዌና ዜድቲኢ የተካፈሉት 1.6 ቢሊዮን ዶላር የሚያህል የማስፋፊያ ውል 3ጂን ወደ ክልሎች አሰፋ። 4ጂ መጋቢት 2007 በአዲስ አበባ ብቻ ተጀመረ፤ ወደ ክልል ከተሞች በስፋት የወጣው በ2013 አካባቢ ነው። የተጠቃሚ ብዛትም ሌላ ምክንያት ነው፤ የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ መከፈት ከየአካባቢው ተማሪዎችን አምጥቷል። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 የሚያከብረው በዓልም በአንድ ቀን እጅግ ብዙ ሕዝብ በአንድ ሜዳ ያሰባስባል። እንዲህ ባለ ቀን በአንድ ማሠራጫ ሥር የተሰበሰበ ስልክ ሁሉ አንድ አቅም ይሻማልና ዳታ ቢንቀራፈፍ ወይም ጭራሹን ቢጠፋ የሚገባ ነው፤ ከላይ በ26 ቁጥር የተጠቀሰው ሁኔታ ነው እንጂ የሴቲንግ ጉዳይ አይደለም።

መቋረጥና ሴቲንግ

ሴቲንግ ያለ ጥፋቱ እንደሚወቀስ ከሁሉ በላይ የሚያሳየው የኢንተርኔት መዘጋት ነው። በኢትዮጵያ ግንኙነትን ማቋረጥ ከስማርት ስልክ መስፋፋት ይቀድማል፤ ከ1997 ምርጫ በኋላ የአጭር መልእክት አገልግሎት ለሁለት ዓመት ያህል ተዘግቶ ነበር። በ2008 የአገር አቀፍ ፈተና ሾልኮ ከወጣ በኋላ፣ በ2009 ፈተናው ሲሰጥ ኢንተርኔት ተቋረጠ። ሰኔ 15 ቀን 2011 በባሕር ዳር የክልሉ ባለሥልጣናት ሲገደሉ አገር አቀፍ መቋረጥ ተከተለ። በሰኔ 2012 ደግሞ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል ጠፋ። ለአዊ ዞን እጅግ ከባዱ የ2015ቱ ነው። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ለአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ በክልሉ የሞባይል ዳታ ተቋርጦ ነበር። መመለስ የጀመረው ከሐምሌ 2016 ወዲህ ሲሆን እሱም በአንዳንድ ከተሞች፣ ደረጃ በደረጃ ነው።

ዳታ ሲዘጋ ጥሪ፣ አጭር መልእክትና በኮከብና በመሰላል የሚደወሉ አገልግሎቶች ሊቀጥሉ ይችላሉ፤ የሚሄዱት በሌላ መንገድ ነውና። በ*804# ሒሳብ ያየ፣ በ*127# ቴሌብር የከፈተ ሰው ኔትወርኩ ደኅና ነው ብሎ ቢደመድም አይፈረድበትም። ታዲያ ጥሪው ሠርቶ፣ ቴሌብሩ መልሶ፣ ኢንተርኔቱ ብቻ እምቢ ካለ የቀረው ተጠርጣሪ የስልኩ ሴቲንግ ይሆናል። መዘጋቱ በግልጽ ካልተነገረ ባለቤቱ ኤፒኤን ይሰርዛል፣ ይጽፋል፣ ስልኩን ወደ ፋብሪካ ይዘቱ ይመልሳል፤ በዚህም ፎቶውንና የተመዘገቡ ስልኮችን ያጣል። ከሩቅ በተወሰነ ውሳኔ የመጣ ችግር በሰው እጅ ላይ ወዳለ ዕቃ ጥፋት ተለውጦ ይታያል።

የሚነሡ ተቃውሞዎች

በዚህ ድምዳሜ ላይ የሚቀርበው ጠንካራው መከራከሪያ የተግባር ልምድ ነው፤ ኤፒኤን እንደገና ሲጻፍ ኢንተርኔቱ ብዙ ጊዜ ይመለሳል። እውነትነቱ አይካድም፤ ለሴቲንጉ ግን ማስረጃ አይሆንም። አዲስ ኤፒኤን ሲመረጥ ስልኩ የድሮውን የዳታ መስመር ዘግቶ ሌላ ይጠይቃል። ከኔትወርኩ ጋር የተበላሸ ግንኙነት የሚታደሰውም በዚህ ጥያቄ ነው። የአውሮፕላን ምልክቷን አብርቶ ማጥፋት ወይም ስልኩን አጥፍቶ ማስነሣት ይህንኑ ያደርጋል። በአውሮፕላን ምልክት የተመለሰ ኢንተርኔት ሴቲንጉ መጀመሪያውንም ትክክል እንደነበረ ያረጋግጣል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ሴቲንግ በእርግጥ የሚበላሽባቸውን ሁኔታዎች ያነሣል፤ ይህኛው ይበልጥ ያሳምናል። ከአረብ አገር ወይም ከሌላ አገር በዘመድ የተላከ፣ ለአንድ የውጭ ኦፕሬተር ተብሎ የተዘጋጀ ስልክ ሠንጠረዡ የተቆረጠ ወይም የተቆለፈ ሊሆን ይችላል። አሮጌ ስልክ ደግሞ አዲስ ኦፕሬተርን ይቀድማል። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ አገልግሎቱን በይፋ የጀመረው መስከረም 26 ቀን 2015 ነው። ከዚያ በፊት ሶፍትዌሩ የተዘጋና ያልታደሰ ስልክ 63602 የሚል ሲም ቢገባለት በሠንጠረዡ ውስጥ የሚያነበው መስመር የለውም። ሁለት ሲም በሚይዝ ስልክ ላይም ዳታው የሚሠራው ከሁለቱ በአንዱ ስለሆነ፣ ጥቅሉ በአንደኛው ተገዝቶ ዳታው በሌላኛው ተከፍቶ ሊገኝ ይችላል። ከእነዚህ የመጨረሻው የኤፒኤን ጉዳይ አይደለም፤ ሁለቱ ግን ናቸው፣ ትክክለኛውን ስም በ994 ወይም ለሳፋሪኮም በ700 ደውሎ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። የእነዚህ የሁለቱ የጋራ ባሕርይ ግን ልብ ይባል። ችግሩ የሚታየው ስልኩ ወይም ሲሙ አዲስ በገባበት ቀን ነው። ትናንት ሲሠራ አድሮ ዛሬ ሳይነካ ያቆመ ኢንተርኔት ሴቲንጉ ራሱን ለውጦ አይደለም።

አይፎን

በአይፎን ሴቲንጉን የሚያመጣው አፕል ለየኦፕሬተሩ የሚያዘጋጀው ፋይል ነው። ኤፒኤን የሚጻፍበት ገጽ የሚታየው ኦፕሬተሩ ሲፈቅድ ብቻ ነው።

ቋንቋ

ከዞኑ ሕዝብ ብዙ ሰው አፉን የፈታው በአዊኛ ነው፤ ቋንቋው በመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ይሰጣል፣ የሚጻፈውም እንደ ጘ ያሉ ፊደላትን ጨምሮ በግእዝ ፊደል ነው። አንድሮይድ በአማርኛ ይገኛል፣ በአዊኛ ግን አይገኝም። ኤፒኤን በየትኛውም ቋንቋ ሜኑ ላይ የሚቀበለው የላቲን ፊደል፣ አኀዝ፣ ነጥብና ሰረዝ ብቻ ነው።

የፍተሻ ቅደም ተከተል

ከተባለው ሁሉ የሚከተለው አሠራር ሴቲንግን ከመጀመሪያ ወደ መጨረሻ ያወርደዋል። መጀመሪያ ቀሪ ሒሳብ፣ ለኢትዮ ቴሌኮም በ*804#፣ ከዚያም ጥቅሉ ይታያል፤ ጥቅሉ ያለቀ ወይም ጊዜው ያለፈ ከሆነ ምርመራው እዚያው ያበቃል። ቀጥሎ ዳታው በየትኛው ሲም እንደተከፈተ ይታይና የአውሮፕላን ምልክቷ በርታ ትጠፋለች። ሦስተኛውና ወሳኙ ፍተሻ የሌላ ሰው ስልክ ነው። በዚያው ቦታ፣ በዚያው ኦፕሬተር የሚሠራ ሌላ ስልክ ኢንተርኔት ካጣ ጉዳዩ የኔትወርክ ነው፤ ካገኘ ደግሞ ሲሙን ወደዚያ ስልክ ማዛወር ጥፋቱ በሲሙ ወይም በስልኩ መሆኑን ይለያል። ሲሙ እዚያ ከሠራ፣ ያን ጊዜ ብቻ፣ ኤፒኤኑን መክፈት ተገቢ ይሆናል።

ይህ ቅደም ተከተል አንድ ድክመት አለው፤ ኔትወርኩ በብልሽት ይሁን በውሳኔ የጠፋ መሆኑን አይለይም። ሁለቱን የሚለየው መረጃ ያለው በኦፕሬተሩና በተቆጣጣሪው በኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን እጅ ነው። ለጸጥታ ሲባል መዝጋት አስፈላጊ ይሆናል የሚለው ክርክር በራሱ ይታይ። መዘጋቱን አለመናገር ግን በዚያ ክርክር አይሸፈንም፤ ኢንተርኔቱ መጥፋቱን የእንጅባራ ነዋሪ ከማንም ቀድሞ ያውቀዋልና ከእርሱ የሚደበቅ ምስጢር የለም። የሚቀርበት ምክንያቱን ማወቁ ብቻ ነው። በአጭር መልእክት የሚላክ አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ዳታ ሲዘጋም መድረስ የሚችል በመሆኑ፣ ሴቲንግ የማስተካከሉን ድካም አብዛኛውን ያስቀር ነበር።